ሒሳቡን ማን ይክፈል? የኢኮኖሚ ቀውስና የፖለቲካ ፓርቲዎች

(በጎንደር ከተማ በአንድ የንባብ ክበብ ወርኃዊ መድረክ ላይ የቀረበ ንግግር፤ ከጥቂት የቋንቋ እርማት በቀር እንደተነገረው የተጻፈ)

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ ይህን መድረክ ያሰናዳችሁ የክበቡ አባላት፣ እንደምን ዋላችሁ! ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ያውም በዐቢይ ጾም፣ ገበያውንና የቤቱን ጣጣ ትቶ ስለ ፓርቲና ስለ ኢኮኖሚ ለመስማት የሚቀመጥ ሰው ሲገኝ ተናጋሪው ሊደነግጥ ይገባዋል። እኔም ደንግጫለሁ። ስለዚህ ከተፈቀደልኝ አንድ ሰዓት ውስጥ አሥር ደቂቃውን እንደምመልስላችሁ ቃል እገባለሁ፤ ተማሪዎቼ የነበራችሁ ግን ይህን ቃሌን እንደማታምኑት ከፊታችሁ አነባለሁ።

ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት በቅዳሜ ገበያ በኩል አልፌ ነበር። እዚያ ለብዙ ዓመት ሽምብራና ምስር የምገዛት አንዲት የእህል ነጋዴ አለች። ድሮ በየጆንያው አፍ ላይ ከካርቶን የተቀደደች ቁራጭ ሰክታ የኪሎውን ዋጋ በወፍራም እስክሪብቶ ትጽፍ ነበር። ዛሬ ካርቶኖቹ የሉም። «ዋጋው ምነው ጠፋ?» ብላት፣ «ጋሼ፣ ስንት ካርቶን ልጨርስ?» አለችኝ። ሳቅን። ቀጥዬም ዛሬ እዚህ ስለምናገረው ነገር ነግሬያት፣ «እስቲ ፓርቲዎቹ ስለዚህ ኑሮ ምን ቢሉ ደስ ይልሻል?» ብዬ ጠየቅኋት። ምስሩን እየሰፈረች፣ ቀና ሳትል፣ «መጀመሪያ ዋጋውን ይወቁት» አለችኝ። የዛሬውን ንግግር እሷ ብታቀርበው ሳይሻል አይቀርም።

ስለ ራሴ ጥቂት ልናገርና ወደ ጉዳዩ ልግባ። እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ኢኮኖሚክስ ያስተማርሁ ሰው ነኝ እንጂ የየትኛውም ፓርቲ አባል አይደለሁም፤ ፓርቲዎችን ለመስደብም አልመጣሁም። ዛሬ የማነሣው አንድ ጥያቄ ነው፤ እሱን ሦስት ቦታ ላይ ቆሜ እጠይቀዋለሁ። ጥያቄው «ሒሳቡን ማን ይክፈል?» የሚል ነው። በመጀመሪያ ቀውስ ሲመጣ ፓርቲዎች ይህን ጥያቄ ለመሸሽ ምን እንደሚያደርጉ እናያለን። ሁለተኛ፣ መሸሹ ሳይቻል ሲቀር በሌሎች አገሮች የሆነውን እናያለን። ሦስተኛ ወደ ቤታችን እንመለሳለን። በመካከሉ ወደ ጨዋታ ከወጣሁ ታገሡኝ፤ የመምህር አመል ነው።

አንደኛው ነጥብ ይህ ነው። ፓርቲ ቀውስ ሲገጥመው ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈልገው ስም ነው። መድኃኒቱ ገና ሳይታሰብ ለበሽታው ስም ይወጣለታል። ሥልጣን ላይ ያለው ፓርቲ «ጊዜያዊ ነው» ይላል፤ ጊዜያዊነቱ ሲራዘም «ከውጭ የመጣ ነው» ይላል፤ ይህም ካልበቃ «ስግብግብ ነጋዴዎች ናቸው» ይላል። ተቃዋሚው በተራው ድርቁንም፣ የነዳጁንም፣ የጦርነቱንም ዋጋ በአንድ ትከሻ ላይ ጭኖ «እኛ ብንሆን ኖሮ» ይላል። ሁለቱም ስም አወጡ፤ ምስሩ ግን እዚያው ነው።

ስግብግብ ነጋዴ የለም ወይ? አለ እንጂ! መጋዘኑን ቆልፎ ዋጋ እስኪወጣ የሚጠብቅ እዚሁ ከተማችን ውስጥ አለ፤ አብረንም ቡና እንጠጣለን። ነገር ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፦ በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. የእህል ዋጋ ወድቆ ገበሬው በቆሎውን የሚገዛው ባጣበት ጊዜ ይኸው ነጋዴ ጻድቅ ነበርን? አልነበረም። ያኔም ስግብግብ ነበር፤ ስግብግብነቱ ግን ዋጋ ሊያስወጣለት አልቻለም። ሁልጊዜ ያለ ነገር፣ ዛሬ አዲስ የሆነውን ነገር ብቻውን ሊያስረዳ አይችልም። ይህን ለተማሪዎቼ ስናገር ኖሬአለሁ፤ ለካድሬም ለተቃዋሚም ይሠራል።

«ከውጭ የመጣ ነው» የሚለው መልስም እንዲሁ ብዙ ጊዜ ግማሽ እውነት አለበት፤ ግማሽ እውነት ደግሞ ፓርቲን ወደ ገደል ሊመራው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1929 የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ከወደቀ በኋላ ምክር ቤቱን የተቆጣጠረው የሪፐብሊካን ፓርቲ ከውጭ በሚገቡ ዕቃዎች ላይ ከፍተኛ ቀረጥ የሚጥል ሕግ አወጣ። ከሺህ የሚበልጡ የኢኮኖሚ ባለሙያዎች ሕጉን እንዳይፈርሙ ፕሬዚዳንት ሁቨርን በጽሑፍ ለመኗቸው። ፈረሙ። ሌሎቹ አገሮችም አጸፋውን መለሱ፤ ንግድ ተቆላለፈ፤ በ1933 ከአራት የአሜሪካ ሠራተኞች አንዱ ያህል ሥራ አጥ ነበር። በዚያው ዓመት በማርች ወር ሥልጣን የያዙት የዴሞክራቲክ ፓርቲው ሩዝቬልትም ባንከኞችን መክሰሳቸው አልቀረም። ልዩነታቸው ምን ነበር? ባንኮቹን ሁሉ ለቀናት ዘጉ፤ ደህናዎቹን እየመረመሩ አስከፈቱ፤ ከመከፈታቸው በፊት በነበረው ምሽት በሬዲዮ ቀርበው ባንክ ማለት ምን እንደሆነ፣ ያስቀመጥኸው ገንዘብ ለምን ሁሉም በካዝና እንደማይቀመጥ፣ ነገ ጠዋት ምን እንደሚሆን በተራ ሰው ቋንቋ አስረዱ። ሰውም ከፍራሹ ሥር ያወጣውን ገንዘብ ይዞ ተመለሰ። ሕዝብ ነገሩን አይረዳም የሚል ፖለቲከኛ ብዙ ጊዜ ራሱ ያልተረዳው ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ልለፍ። መንግሥት ገንዘብ ሲያጥረው ያሉት በሮች ጥቂት ናቸው፦ ግብር ይጨምራል፣ ወጪ ይቀንሳል፣ ይበደራል፣ ወይም ብር ያትማል። የገንዘቡን የምንዛሪ ዋጋ ዝቅ ማድረግም አለ። ከእነዚህ ውስጥ ማንም የማይከፍልበት በር የለም! እደግመዋለሁ፤ ማንም የማይከፍልበት በር የለም። ብር ሲታተም የሚከፍለው ደመወዝተኛውና ጡረተኛው ነው፤ ደረሰኝ ስለማይሰጠው ብቻ የከፈለ አይመስለውም። ምንዛሪው ሲወርድ ደግሞ እዚሁ ደጃችን ያለውን ተመልከቱ። ከመተማ ሰሊጥ አምርቶ ወደ ውጭ የሚልክ ሰው ለአንድ ዶላር ብዙ ብር ስለሚያገኝ ይጠቀማል። እዚህ ጎንደር ውስጥ መድኃኒት የሚገዛ የስኳር ሕመምተኛ ጡረተኛ ይጎዳል። ሁለቱም መራጮች ናቸው። ፓርቲው በመተማ «ምንዛሪው ይስተካከል»፣ በጎንደር «የኑሮ ውድነቱ ይቁም» ብሎ ሊሰብክ ይችላል፤ መንግሥት ሲሆን ግን ከሁለቱ አንዱን ማስቀየም ግድ ይሆንበታል። ወይም ከአንዱ ወስዶ ለሌላው የሚክስበትን መንገድ ቀድሞ ማሰብ አለበት። ይህን ያሰበ ፕሮግራም ስንት አንብባችኋል?

ሒሳቡን መከፋፈል ያልቻሉ ፓርቲዎች ምን እንደሚገጥማቸው ከሁሉ የከፋው ምሳሌ ጀርመን ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 1930 በሶሻል ዴሞክራቱ ሄርማን ሙለር የሚመራው ጥምር መንግሥት ፈረሰ። በምን ምክንያት እንደፈረሰ ታውቃላችሁ? ለሥራ አጦች መድን አሠሪና ሠራተኛ የሚያዋጡት ገንዘብ ከደመወዝ 3.5 በመቶ ነበር፤ ሥራ አጡ ሲበዛ መዋጮው ወደ 4 በመቶ ከፍ ይበል ወይስ ክፍያው ይቀነስ በሚል ክርክር ነው። ግማሽ በመቶ! የአሠሪዎቹ ወገን የሆነው ፓርቲ አልከፍልም አለ፤ የሠራተኞቹ ወገን የሆነው ፓርቲ ክፍያው አይነካም አለ፤ ሁለቱም ለደጋፊዎቻቸው ታምነው ተለያዩ። ከዚያ በኋላ የመጣው ቻንስለር (የመንግሥት መሪ) ብሩኒንግ ምክር ቤቱን እያለፈ በአስቸኳይ ጊዜ ድንጋጌ ደመወዝ ቀነሰ፣ ግብር ጨመረ። በምክር ቤቱ 12 ወንበር ብቻ የነበረው የናዚ ፓርቲ በሴፕቴምበር 1930 ምርጫ 107 አገኘ፤ በጁላይ 1932 ደግሞ 230።

እዚህ ላይ ለእኔ ከሁሉ የሚያሳዝነኝን ልንገራችሁ። በ1932 የሠራተኛ ማኅበራቱ ራሳቸው፣ መንግሥት ተበድሮ በሕዝባዊ ሥራዎች አንድ ሚሊዮን ሰው ያሠማራ የሚል ዕቅድ አቅርበው ነበር። ወገናችን የሚሉት የሶሻል ዴሞክራት ፓርቲ አልተቀበለውም። ከተቃወሙት ዋነኛው የፓርቲው የኢኮኖሚ ሊቅ የነበረው ሩዶልፍ ሒልፈርዲንግ ነው። ሞኝ ሰው አልነበረም፤ የ1923ቱን የዋጋ ንረት ያየ፣ ገንዘብ በቅርጫት ሲሸከሙት የነበረበትን ዘመን ያስታወሰ ሰው ነበር። ያለፈውን ቀውስ እየፈራ የያዘውን ቀውስ አላየውም። ሰው በአንድ በኩል ሲቃጠል በሌላው በኩል ያለውን ውሃም ይፈራል፤ ፓርቲም እንደዚያው ነው።

በዚያው ዘመን፣ በዚያው ቀውስ፣ ከጀርመን ባሻገር ስዊድን ሌላ መንገድ ሄደች። እ.ኤ.አ. በ1932 ሥልጣን የያዙት ሶሻል ዴሞክራቶች በምክር ቤት አብላጫ አልነበራቸውም። ደጋፊያቸው የከተማ ሠራተኛ ነው፤ የሚፈልገው ሥራና ርካሽ ምግብ ነው። የገበሬዎቹ ፓርቲ ደግሞ የሚፈልገው የቅቤና የወተት ዋጋ ከፍ እንዲል ነው። እንዴት ይስማማሉ? በሜይ 1933 ተቀምጠው ተደራደሩ። ሠራተኛው ቅቤውን በውድ ሊገዛ፣ ገበሬው በምላሹ ለሥራ አጡ የሚሆነውን የሕዝባዊ ሥራ በጀት ሊደግፍ ተስማሙ። ተቺዎቻቸው በንቀት «የላም ንግድ» ብለው ሰየሙት። ስሙ ግን ጸንቶ ቀረ፤ ፓርቲውም በ1936 ክረምት ላይ ከነበረች አንዲት አጭር ጊዜ በቀር እስከ 1976 አገር መራ።

የላም ንግድን እኛ ለስዊድኖች ልናስተምራቸው እንችል ነበር። ከብት ተራ ቆማችሁ ተመልክታችሁ ከሆነ፣ ገዥው ጥርሷን ይገልጣል፤ ጡቷን ይዳስሳል፤ ሻጩን «እስቲ አልበህ አሳየኝ» ይለዋል። ደላላው የሁለቱን እጅ እየጎተተ ያጋጫል፤ «አንተም ጨምር፣ አንተም ቀንስ» ይላል። ሁሉም በአደባባይ ነው፤ ማን ስንት እንደለቀቀ ዙሪያውን የቆመው ሰው ሁሉ ያያል። አብዛኛው የፓርቲ ፕሮግራም ከዚህ ጋር ሲተያይ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ነው። ዴንማርኮችም እንደ ስዊድኖቹ ያለ ስምምነት የተፈራረሙት በጃንዋሪ 30 ቀን 1933 ነው። ያ ቀን ሒትለር በጀርመን ቻንስለር የሆነበት ቀን ነው። በአንድ ቀን፣ ድንበር በሚጋሩ ሁለት አገሮች!

ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣ ሁለት ምሳሌ ይበቃኛል። በግሪክ ፓሶክ የተባለው የሶሻሊስቶች ፓርቲ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2009 ወደ 44 በመቶ የሚሆን ድምፅ አግኝቶ ሥልጣን ያዘ፤ ወዲያው የአገሪቱ የበጀት ጉድለት ከተነገረው እጅግ የበለጠ መሆኑ ተገለጠ። ፓርቲው አበዳሪዎቹ የጠየቁትን ሁሉ፣ ደመወዝና ጡረታ መቀነስን ጨምሮ፣ በራሱ ደጋፊዎች ላይ ፈጸመ። በ2015 ጃንዋሪ ያገኘው ድምፅ 5 በመቶ እንኳ አልሞላም። «ውሉን እንቀድደዋለን» ያለው ሲሪዛ አሸነፈ፤ በጁላይ 2015 ሕዝበ ውሳኔ ጠራ፤ 61 በመቶው ሕዝብ «አንቀበልም» አለ፤ ከሳምንት በኋላ ግን ያው መንግሥት ሦስተኛውን የብድር ውል ተቀበለ። በስሪ ላንካ በ2019 የተመረጠው የራጃፓክሳ ፓርቲ ገና ከመግባቱ የተጨማሪ እሴት ታክስን ከ15 ወደ 8 በመቶ አወረደ፤ ሕዝቡም አጨበጨበ። በ2022 አገሪቱ የውጭ ዕዳዋን መክፈል አቆመች፤ ነዳጅ ጠፋ፤ ፕሬዚዳንቱ በጁላይ ከአገር ሸሹ። በምክር ቤት 3 ወንበር ብቻ የነበረው የተቃዋሚው ዲሳናያኬ ጥምረት በ2024 ከ225 ወንበር 159ኙን ወሰደ። እሱም ሥልጣን ከያዘ በኋላ ከዓለም የገንዘብ ድርጅት ጋር የተገባውን ስምምነት ይዞ ቀጠለ። ስለ ዛምቢያና ስለ ጋናም አዘጋጅቼ ነበር፤ በሁለቱም ዕዳ መክፈል ያቃታቸው ገዥ ፓርቲዎች በምርጫ ተሸንፈው በሰላም ወርደዋል፤ ይህን ብቻ ብዬ ልለፈው።

ከግሪክና ከስሪ ላንካ የምወስደው አንድ ነገር ነው። «እንቀድደዋለን» ያለውም ሥልጣን ሲይዝ የሚቀመጠው እዚያው ጠረጴዛ ዙሪያ ነው። ስለዚህ ተቃዋሚን ገና ተቃዋሚ ሳለ፣ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ከማን ኪስ እንደሚያወጣ መጠየቅ ነውር የለበትም።

ሦስተኛው ነጥብ፣ የቤታችን። በመጀመሪያ ያለ ፓርቲ የነበርንበትን ጊዜ ላንሣ ብዬ ነበርና ላንሣው። በ1966 ዓ.ም. የነዳጅ ዋጋ በዓለም ሲንር በአገራችንም ቤንዚን ተወደደ፤ ወሎ በረሃብ ላይ ነበረች፤ በነገሌ ቦረና ወታደሩ ስለ ምግብና ስለ ውሃ አመፀ፤ በየካቲት የአዲስ አበባ የታክሲ ሾፌሮች ሥራ አቆሙ፤ መምህራን አቆሙ። የጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ካቢኔ በዚያው ወር ለቀቀ። ታክሲ ነጂው አቤት የሚልበት፣ ከቤንዚኑ ዋጋ ላይ ማን ስንት ይሸከም ብሎ የሚደራደርለት ሕጋዊ ፓርቲ በአገሩ አልነበረም፤ ኋላ ኢሕአፓና መኢሶን ተብለው የታወቁት ድርጅቶች በውጭ አገር በኅቡዕ የተቋቋሙ ነበሩ። ከታክሲ ሾፌሩና ከዙፋኑ መካከል ባዶ ቦታ ነበር። ባዶውን ቦታ የሞላው መሣሪያ የያዘው ነው።

ቀጥሎ አንድ ፓርቲ ብቻ የነበረበት ዘመን መጣ። ኢሠፓ የተመሠረተው በ1976 ማብቂያ ነው፤ አዲስ አበባ በአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት በዓል ስታሸበርቅ በወሎና በትግራይ ሰው በረሃብ ይረግፍ ነበር። የኢኮኖሚ መልሱ ኮታ ነበር፤ ገበሬው ከምርቱ የተወሰነውን በመንግሥት ዋጋ እንዲያስረክብ፣ እህልም ከአውራጃ ወደ አውራጃ እንደልብ እንዳይንቀሳቀስ። ሒሳቡ ለማን ተላከ? ለገበሬው። ከተሜው በቀበሌ ሱቅ በቅናሽ እንዲበላ ገበሬው ከፈለ።

ይህን ከመጽሐፍ አልተማርሁትም። ዐሥራ ሦስት ዓመት ሳይሞላኝ አያቴ ከደንቢያ ወደ ጎንደር ለልጇ፣ ለአክስቴ ማለት ነው፣ ጤፍ ልታደርስ ስትሄድ አህያውን የምነዳው እኔ ነበርሁ። አክስቴ አራስ ናት። አያቴ ጤፉን ከስልቻው ሥር አድርጋ ከላይ ጌሾ ሞላችበት፤ ጌሾ አይከለከልም ነበርና። መንገድ ላይ ኬላ አለ። ጠባቂው ጫፉ የሾለ፣ መካከሉ ቦይ ያለው ብረት ይዟል። ብረቱን ከጌሾው መካከል ሰደደው፤ ሲያወጣው ቦይዋ ውስጥ ነጭ ጤፍ ተደርድሮ ወጣ። እስከ ዛሬ ያ ብረት ዓይኔ ላይ አለ። አያቴ «ልጄ፣ ለአራስ ነው፤ የእኔው ማሳ ነው» አለችው። ሰውየው ክፉ ሰው አይመስለኝም፤ ፊቱን አዙሮ «እማማ፣ እኔን አያስጠይቁኝ» አላት። ጤፉ እዚያው ቀረ። ጌሾውን ይዘን ጎንደር ገባን፤ አክስቴም ጌሾውን አይታ ሳቀች፣ ከዚያም አለቀሰች።

በየካቲት 1982 መንግሥት ቅይጥ ኢኮኖሚ ማወጁ በሬዲዮ ተነገረ፤ ኮታው ተነሣ፤ ፓርቲውም ስሙን ለወጠ። አያቴ ሬዲዮውን የሰማላትን ጎረቤት የጠየቀችው «እንግዲህ ጤፉ የማን ሆነ?» ብላ ነበር። የሶቪየት ኅብረት ርዳታ ከደረቀና ጦሩ ከተዳከመ በኋላ የመጣ መልስ ነበር፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ከዐሥራ አምስት ወር በኋላ መንግሥቱ ወደቀ። መልሱ የተሳሳተ አልነበረም፤ የዘገየ ነበር። ለምን ዘገየ? ስልቻ ውስጥ ብረት እንደሚሰደድ ለላይኛው አካል የሚናገር የበታች አባል ስላልነበረ ይመስለኛል። ፓርቲው በየመንደሩ ጆሮ ነበረው፤ ጆሮው የሚያዳምጠው ግን ማን ምን አለ የሚለውን እንጂ ጤፍ ስንት ገባ የሚለውን አልነበረም።

ኢሕአዴግ ከዚያ ተምሮ የመጣ ፓርቲ ነው ማለት ይቻላል። በ1985 መግቢያ ዶላር ከ2 ብር ከ7 ሳንቲም ወደ 5 ብር ሲወጣ ሕጋዊ ተቀናቃኞች ነበሩ፤ ጋዜጦችም ይጽፉ ነበር። በ2000 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ50 በመቶ በላይ በወጣ ጊዜ የእህል ኤክስፖርት ታገደ፤ ከእህል ላይ ታክስ ተነሣ፤ ከውጭ ስንዴ ገብቶ በከተሞች በቅናሽ ተሸጠ። መልካም፤ አንዳንዱ ሠርቷል። በጥር 2003 ግን በስኳር፣ በዘይት፣ በዳቦ፣ በሥጋና በሌሎችም ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ተጣለ። ያኔ የሰፈራችን ባለሱቅ መደርደሪያ ከሳምንት በኋላ ምን ይመስል እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ክብሪት፣ ሳሙናና የግድግዳ የቀን መቁጠሪያ። ዘይት ለሚታወቅ ሰው ብቻ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ ከመጋረጃው ኋላ ይወጣ ነበር። ጣሪያው ከጥቂት ወራት በኋላ ከአብዛኞቹ ሸቀጦች ላይ ተነሣ።

እዚህ ላይ ወደ ጥያቄዬ እመለሳለሁ፤ ድርድሩ የት ነበር? በ2002 ምርጫ ከ547 የምክር ቤት ወንበሮች አንዱን ተቃዋሚ፣ አንዱን የግል ተወዳዳሪ አገኙ፤ በ2007 ደግሞ 547ቱም የገዥው ፓርቲና የአጋሮቹ ሆኑ። በእንዲህ ያለ ምክር ቤት ስለ ሒሳቡ ክርክር የለም ማለት አይደለም፤ ክርክሩ ወደ ፓርቲው ቤት ገብቶ በሩ ይዘጋል ማለት ነው። ላሚቱ ትሸጣለች፤ ስትታለብ ግን ዙሪያውን ቆሞ የሚያይ ሰው አይኖርም።

የቅርቡን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በታኅሣሥ 2016 አገራችን በ2007 የሸጠችውን የአንድ ቢሊዮን ዶላር ቦንድ የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል ቀረች። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ በዚያው ጊዜ የዓለም የገንዘብ ድርጅት የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር አጸደቀ፤ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ ከ100 ብር በላይ ወጣ። ይህ እርምጃ አይቀሬ ነበር ወይ ብትሉኝ፣ እንደ ኢኮኖሚክስ መምህር ይብዛም ይነስም አይቀሬ ነበር እላለሁ። እዚህ የተቀመጡ ባልደረቦቼ በዚህ አይስማሙም፤ ከሻይ በኋላ እንከራከራለን። የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። እርምጃው ከመወሰዱ በፊት በምርጫ መድረክ ላይ «ብር ይወርዳል፤ ደመወዝተኛው ይጎዳል፤ በዚህን ያህል እንክሰዋለን፤ ይህን ያህል ጊዜ ይወስዳል» ብሎ የተናገረ ፓርቲ አላስታውስም፤ ገዥውም ተቃዋሚውም። ከእርምጃው በኋላ የተቃዋሚዎቹ መልስ መግለጫ ነበር። መግለጫዎቹን አንብቤአቸዋለሁ፤ ኑሮው መክበዱን ይናገራሉ። ኑሮው መክበዱን ምስር የምትሰፍረው ሴትዮም ነግራኛለች፤ ያውም በአጭሩ። በክልላችን ደግሞ ካለፉት ዓመታት ግጭት ወዲህ መንገድ በተዘጋ ቁጥር የሚጨመረው የጭነት ዋጋ አለ፤ ይህን ሒሳብ በፕሮግራሙ ውስጥ በስሙ ጠርቶ የጻፈ ፓርቲ ካለ አሳዩኝ፤ በደስታ አነባለሁ።

ሰዓቴን ጨርሻለሁ፤ ቃሌንም እንደተነበያችሁት አፍርሻለሁ። አንድ ነገር ብቻ ጨምሬ ልቀመጥ።

ከግንቦት 1997ቱ ምርጫ በፊት እዚሁ ከተማ በተደረገ አንድ የፓርቲዎች ክርክር ላይ ተገኝቼ ነበር። አዳራሹ ሞልቶ ሰው በመስኮት ተንጠልጥሏል፤ ተስፋው ይጋረፍ ነበር። ጥያቄ ሲፈቀድ ነጭ ጋቢ የለበሱ አንድ አዛውንት ገበሬ ተነሡ። «ማዳበሪያ በዱቤ ወስደናል፤ ዝናቡ ቀረ፤ ዕዳው ግን አልቀረም። መንግሥት ስትሆኑ ይህን ዕዳ ማን ይከፍለዋል?» አሉ። አንደኛው ተወዳዳሪ ስለ ግብርና መር ልማት ረዥም ንግግር አደረገ፤ ተጨበጨበለት። ሁለተኛው ስለ መሬት ባለቤትነት ከዚያ የረዘመ ንግግር አደረገ፤ የበለጠ ተጨበጨበለት። ሁለቱም የተማሩ፣ ሁለቱም ቅን ሰዎች ነበሩ። አዛውንቱ አልተቀመጡም ነበር። ጭብጨባው ሲበርድ «ልጆቼ፣ ተባረኩ፤ እኔ ግን የጠየቅሁት...» ብለው ሲጀምሩ መድረክ መሪው ሰዓት አልቋል ብሎ ማይክራፎኑን ከእጃቸው ተቀበላቸው። አጠገባቸው ነበርሁ፤ ከተቀመጡ በኋላ ጣቶቻቸውን እያጠፉ ዝቅ ባለ ድምፅ ኩንታሉንና ብሩን ሲቆጥሩ ይሰማኝ ነበር።

ስላዳመጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። አሁን መድረኩ የጥያቄ ነው። ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ያሉት እናት ገና ስናገር ጀምሮ እጃቸውን አንሥተው ነበር፤ ማይክራፎኑን ለእሳቸው አድርሱልኝ።